ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የየዓመቱን የማሻሻያ ግብ ስለ መወሰን

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የከተማውም የገጠሩም ሕፃናት ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ይጐርፋሉ። ወላጅ ልጁን ለመምህሩ አስረክቦ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ መምህሩም ተቀብሎ ያስተምራል፤ በሰኔ ካርድ ይሰጣል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን «ይህ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ከአምናው በምን ተሻለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢነሣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «እየተሻሻለ ነው» የሚል ብቻ ነው። ስንት ሕፃናት ማንበብ ቻሉ፣ ስንቶቹስ ትምህርታቸውን በመካከሉ ተዉ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ነገሩ ዝምታ ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የሚገኘው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የሚደርስበትን ግብ ወስኖ፣ ለወላጆች አስታውቆ፣ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ መድረሱን ወይም አለመድረሱን በግልጽ የተናገረ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ የዓመት ግብ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ እንዴትስ እንደሚወሰንና እንደሚመረመር ለከተማው ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች ባጭሩ ለመግለጥ እንወዳለን።

ከሩቅ ግብ ወደ ቅርብ ግብ

ለትምህርት ግብ መወሰን በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር ዐዋጅ ከመሬት የሚሰበሰበው ገንዘብ ለትምህርት እንዲውል አዝዞ፣ ለየጠቅላይ ግዛቱም የትምህርት ቦርድ እንዲኖር አድርጎ ነበር። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ፣ እስከ 1980 በአውሮፓ አቈጣጠር ድረስ በአፍሪካ ያሉ ሕፃናት ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ የሚል ታላቅ ግብ ወሰነ። ዘመኑ ሲደርስ ግን ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ አገሮች ከግቡ ሳይደርሱ ቀሩ። የገንዘብ፣ የመምህርና የሰላም እጦት ምክንያቶች ነበሩ። ከዚህም በቀር ሃያ ዓመት የሚርቅ ግብ አንድ የወረዳ ትምህርት ቤት በዚህ መስከረም ምን እንዲሠራ አይነግረውም። ሩቁ ግብ መንገዱን ያሳያል፤ እግርን የሚያራምደው ግን የቅርቡ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የሕፃናቱ ቍጥር እጅግ በዛ። በዚያን ጊዜ 3 ሚሊዮን የማይሞላው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2001 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን አልፎ ተገኘ። ይህ በእውነቱ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ክፍል የገባ ሕፃን ሁሉ ተማረ ማለት አለመሆኑ ብዙ ሳይቈይ ታወቀ። በ2002 ዓ.ም. የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ሕፃናት በተለያዩ ክልሎች በሚማሩበት ቋንቋ ንባብ ሲፈተኑ፣ ከ2ኛ ክፍሎቹ ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ያልሄዱ አይደሉም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው።

የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር የተዘረጋው ይህን ጕድለት ለማረም ነው። በዚህ መርሐ ግብር መሠረት ትምህርት ቤቱ በ4 ዐበይት ርእሶች ራሱን ይመረምራል፤ እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። ከምርመራው በኋላ የ3 ዓመት ዕቅድ ያወጣል፤ ከእርሱም የየዓመቱን ይከፍላል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን እየተመዘኑ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 እንዲመደቡ ተደርጓል። በዚያ ምዘና ሥርዐት ከመቶው ነጥብ 25ቱ ለግብዓት፣ 35ቱ ለሂደት፣ 40ው ለውጤት የተሰጠ ነው። ግብዓት የሚባለው ሕንፃው፣ መጽሐፉ፣ የመምህሩ የትምህርት ደረጃና ይህን የመሰለው ሲሆን፣ ሂደት ማስተማሩና አመራሩ፣ ውጤት ደግሞ ሕፃኑ ያገኘው ዕውቀትና ጠባይ ነው። እንግዲህ አጥሩን ያሳደሰ፣ በሩን ያስቀባ ትምህርት ቤት ከነጥቡ ሩቡን እንኳ ሞልቶ እንዳላገኘ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤትም ይሠራል።

ዓላማ፣ ተግባርና ግብ

በየትምህርት ቤቱ በሚጻፈው ዕቅድ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይደባለቃሉ። «የትምህርትን ጥራት ማሻሻል» የሚለው ዓላማ ነው፤ ማለፊያ ሐሳብ ቢሆንም መቼ እንደ ተፈጸመ ለማወቅ አይቻልም። «ለመምህራን የሁለት ቀን ሥልጠና መስጠት» የሚለው ተግባር ነው፤ ሥልጠናው ተሰጥቶ ሕፃኑ ግን እንደ ነበረ ሊቀር ይችላል። ግብ የሚባለው የሚከተለውን የመሰለ ነው፤ «በመስከረም ወር ከ2ኛ ክፍል 120 ሕፃናት መካከል አጭር ምንባብ ራሳቸው አንብበው የተረዱት 40 ሆነው ስለ ተገኙ፣ እስከ ሰኔ 15 ቀን 80 እንዲሆኑ ማድረግ፤ ኀላፊዎቹም የ2ኛ ክፍል መምህራንና ርእሰ መምህሩ ናቸው።» ቍጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተጻፉ ናቸው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ስለ ማን እንደሚነገር፣ ምን ማድረግ እንዲችሉ እንደሚፈለግ፣ ከየት እንደሚነሡ፣ የት እንደሚደርሱ፣ እስከ መቼ እንደ ሆነና ማን እንደሚጠየቅበት ስድስቱም ነገር ተሟልቶ ይገኛል። ከስድስቱ አንዱ የጐደለው ግብ ምኞት ነው።

አንዲት እናት ያቀረቡት ጥያቄ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሥራው ምክንያት በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ነበር። ርእሰ መምህሩ የዓመቱን ዕቅድ ክንውን ሲያነቡ ዕቅዱ ከ40 የበለጡ ግቦች ነበሩት፤ በእያንዳንዱም ፊት «ዘጠና አምስት በመቶ»፣ «መቶ በመቶ» የሚል ተጽፎአል። ንባቡ አንድ ሰዓት ያህል ከወሰደ በኋላ አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው፣ «መምህር፣ ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ከእኅቴ የመጣ ደብዳቤ ሰጥቼ አንብብልኝ ብለው አቃተው። ይህ የእኔ ልጅ ነገር ካነበቡልን ውስጥ በስንተኛው ተራ ቍጥር ላይ እንዳለ ይንገሩኝ» አሉ።

ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን እያገላበጡ ፈለጉ፤ አላገኙትም። በኋላ ዕቅዱን ስንመረምረው ከአምናው የተገለበጠ ሆኖ፣ የተለወጠው ዓመተ ምሕረቱ ብቻ እንደ ነበረ ታወቀ። ርእሰ መምህሩ ሰነፍ ሰው አልነበሩም፤ በየሳምንቱ ከልዩ ልዩ ክፍሎች የሚመጣላቸውን ቅጽ ሲሞሉ የሚያመሹ ሠራተኛ ነበሩ። ጥፋቱ ዕቅዱ የሚጻፈው ለሚቀበለው ጽሕፈት ቤት እንጂ ለሕፃኑ ባለመሆኑ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ያ ትምህርት ቤት ሦስት ግቦች ብቻ ጽፎ በደጁ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። አንደኛው ስለ ንባብ፣ ሁለተኛው በመኸር ወራት ከትምህርት ስለሚቀሩት ልጆች፣ ሦስተኛው ስለ ልጃገረዶች መጸዳጃ ቤትና ውሃ ነበር። ሦስተኛው ተፈጸመ፤ ሁለተኛው ተቃረበ፤ የመጀመሪያው ግን ከታሰበው በታች ቀረ። ትምህርት ቤቱም «አልደረስንም» ብሎ ለወላጆች ተናገረ። ስብሰባው አልተበጠበጠም፤ ይልቁንም በቤታቸው ማን ሕፃናቱን ማስነበብ እንደሚችል ወላጆች እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ጀመር። እውነተኛ ጕድለት ሰውን ለሥራ ያነሣሣል፤ የሐሰት መቶ በመቶ ግን ሁሉን ሰው ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ግቡ ስለ ምን ይሁን

ለአንድ ዓመት ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ግቦች ይበቃሉ። ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ሕፃኑ ስለሚያውቀውና ስለሚችለው ነገር መሆን አለባቸው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሁሉ መሠረት ንባብና ሒሳብ ነው። በአማርኛ የሚማር ሕፃን 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ዝርዝራቸው፣ ማለት 231 ምልክቶችን፣ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ፊደሉን በዜማ ከሀ እስከ ፐ ማለት ግን ማንበብ አይደለም፤ ብዙ ልጆች በቃላቸው ይወርዱትና አንዱ ፊደል ከመካከል ተነጥሎ ቢታያቸው ያጡታል። ስለዚህ ግቡ «ፊደል ቈጠሩ» የሚል ሳይሆን «ያላዩትን አጭር ምንባብ አንብበው ተረዱ» የሚል ይሁን።

ሁለተኛው ጕዳይ በትምህርት ገበታ ላይ መገኘት ነው። ያልመጣ ሕፃን አይማርም። በገጠሩ በኅዳር አጨዳ፣ ከዚያም በኋላ ውቂያ ሲደርስ ልጁ ለእርሻ ወይም ለከብት ጥበቃ ይፈለጋል፤ በከተማው ደግሞ በገበያ ቀን እናቱን ለመርዳት ይቀራል። ለጥቂት ሳምንታት የቀረ ልጅ ሲመለስ ትምህርቱ አልፎት ያገኛል፤ ያፍራል፤ ቀስ በቀስም ይተወዋል። አቋርጦ የሚሄድ ልጅ በአንድ ቀን አይጠፋም፤ አስቀድሞ በስም መጥሪያው ላይ ምልክቱ ይታያል። ስለዚህ «በተከታታይ 3 ቀን የቀረውን ልጅ በሳምንቱ ውስጥ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ» የሚል ደንብ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ሦስተኛው የትምህርቱ አካባቢ ነው። ውሃ፣ ለወንዶችና ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ፣ የሚያፈስ ጣራ፣ የሚበቃ ወንበርና መጽሐፍ ሁሉ ከዚህ ይገባሉ። እነዚህ ግቦች ገንዘብ የሚጠይቁ ስለ ሆኑ ዋጋቸው አብሮ ይጻፍ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ማለት ከመንግሥት የድጎማ በጀት፣ ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ወይም ከሕዝብ መዋጮ መሆኑ ይገለጥ። ምንጩ ያልታወቀ ግብ ለወላጆች ተስፋ ተደርጎ አይነገር።

አማካይ ቍጥር ስለሚሰውረው ነገር

በክንውን መግለጫ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው የክፍሉ አማካይ ውጤት ነው። አማካይ ግን ሊያታልል ይችላል። አንድ ክፍል 60 ሕፃናት አሉት እንበል። ሠላሳዎቹ 90፣ ሠላሳዎቹ ደግሞ 30 ቢያገኙ አማካዩ 60 ይሆናል፤ ክፍሉም በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ ይመስላል። ነገር ግን የክፍሉ እኩሌታ ወድቆአል። በሚቀጥለው ዓመት ብርቱዎቹ 100 ቢያገኙና ደካሞቹ ከነበሩበት ወደ 26 ቢወርዱ አማካዩ 63 ይሆናል፤ መግለጫውም «ተሻሻለ» ይላል። ስለዚህ ግቡ የሚቈጠረው በሕፃናት ቍጥር ይሁን፤ ከሚፈለገው ደረጃ የደረሱት ስንት ናቸው፣ ያልደረሱትስ እነማን ናቸው ተብሎ ይጻፍ። ወንዶችና ሴቶችም፣ በየክፍሉ ያሉትም ተለይተው ይቈጠሩ። መምህሩ በሮስተሩ ላይ ያልደረሱትን ስም በስም ካወቀ፣ ነገ ጧት ከማን ጋር መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል።

መነሻው ሳይታወቅ መድረሻውን መወሰንም ከንቱ ነው። ለዚህ ትልቅ ፈተና አያስፈልግም። መምህሩ በመስከረም መጨረሻ እያንዳንዱን ሕፃን ለጥቂት ደቂቃ ለብቻው ጠርቶ አንድ አጭር ምንባብ ያስነብበው፤ ስላነበበውም አምስት ጥያቄ ይጠይቀው፤ ውጤቱን ይመዝግብ። ይኸው ሥራ በጥርና በሰኔ ክብደቱ እኩል በሆነ በሌላ ምንባብ ይደገም። መምህሩ የራሱን ክፍል ብቻ ከሚፈትን ይልቅ የ2ኛ ክፍሉ መምህር የ3ኛውን፣ የ3ኛውም የ2ኛውን ቢያስነብብ ውጤቱ ይበልጥ ይታመናል።

የግቡ መጠንም ልክ ይኑረው። ከ120 ሕፃናት 40ው በሚያነቡበት ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት 120ውም ያነባሉ ብሎ መጻፍ ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን መምህሩ ራሱ ስለማያምንበት አይደክምለትም። ከ40 ወደ 45 ማለት ደግሞ ሳይሠሩ የሚደርስ ነው። መካከለኛው ተመርጦ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ላይ ይጨመር። እንቍላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

የሥራው ጊዜ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ትምህርቱ ግን መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚጠይቀው ግብ በመስከረም ከታሰበ ጊዜው አልፎበታል። ተስማሚው አካሄድ እንደሚከተለው ነው።

በግንቦትና በሰኔ ትምህርት ቤቱ ራሱን ይመርምር፤ የገንዘብ ጥያቄውንም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ያቅርብ።

በነሐሴ፣ በምዝገባ ጊዜ፣ ያቋረጡት ልጆች ቤታቸው ድረስ ይፈለጉ።

በመስከረም የሕፃናቱ ዕውቀት ይመዘን፤ በጥቅምት መጀመሪያ ግቦቹ በወላጆች ጉባኤ ጸድቀው በሰሌዳ ላይ ይለጠፉ።

በጥር፣ በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ፣ ምዘናው ይደገም፤ የማይሠራው ዘዴ ይለወጥ። ለመለወጥ ጊዜ የሚገኘው በጥር እንጂ በሰኔ አይደለም።

በሰኔ ውጤቱ እንዳለ ለሕዝብ ይነገር።

የእያንዳንዱ ድርሻ

ርእሰ መምህሩ የግቦቹ ባለቤት ናቸው፤ ከቢሮአቸው ወጥተው በየሳምንቱ ክፍል ውስጥ ገብተው ትምህርቱን ይመልከቱ። መምህራን ግቡን አብረው ይወስኑ፤ ከላይ የተሰጠ ቍጥር የማንም አይደለምና። የወላጅና የመምህራን ኅብረት ስለሚቀሩት ልጆች ከወላጆች ጋር ይነጋገር፤ የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ የገንዘቡን አወጣጥ ይቈጣጠር። የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር ትምህርት ቤቱን ሲጐበኝ አስቀድሞ «ቅጹን ሞላችሁ ወይ?» ከማለት ይልቅ «የማያነቡትን ልጆች አሳዩኝ» ይበል።

የወረዳው አስተዳደር ድርሻ ከሁሉ ይከብዳል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ደመወዝና የትምህርት ቤቶች በጀት በአብዛኛው በወረዳው እጅ ስለ ሆነ፣ ግቡን የሚያቀናውም የሚያሰናክለውም እርሱ ነው። መምህሩን በዓመቱ መካከል ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ማዛወር፣ ወይም በትምህርት ቀን ለሌላ ዘመቻና ስብሰባ መጥራት፣ በጥቅምት የጸደቀውን ግብ በኅዳር እንደ ማፍረስ ይቈጠራል።

ስለ እውነተኛ ዘገባ

አንድ ነገር አጥብቀን ልናሳስብ እንወዳለን። ከግቡ አልደረስኩም ያለ ርእሰ መምህር የሚወቀስ፣ ደርሻለሁ ብሎ የጻፈ ደግሞ የሚመሰገን ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ደርሻለሁ ይላል። ያን ጊዜ ቍጥሩ ይወጣል፤ ሕፃኑ ግን ባለበት ይቀራል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ጥብቅ ቍጥጥር በተደረገበት ጊዜ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 4 እንኳ ሳይሞሉ መቅረታቸው አገሩን ሁሉ አስደንግጦ ነበር። ያ ውጤት በ12ኛ ክፍል የተሠራ አይደለም፤ ከ1ኛና ከ2ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይታይ ሲንከባለል የመጣ ዕዳ ነው። እንግዲህ የበላይ ኀላፊ የሆነ ሁሉ ለእውነተኛ ጕድለት እርዳታን፣ ለሐሰተኛ ሙሉነት ምርመራን ማዘዝ ይገባዋል።

የከተማችን ወላጆችም ወደ ትምህርት ቤቱ ስብሰባ ሲጠሩ ወንበር ለመሙላት ብቻ እንዳይሄዱ እንለምናለን። አራት ነገር ይጠይቁ፤ የዘንድሮ ግባችሁ ምንድን ነው? ከየት ተነሣችሁ? ዛሬ የት ደረሳችሁ? የእኔስ ልጅ ከደረሱት ነው ወይስ ካልደረሱት? ይህን ለመጠየቅ መማር አያስፈልግም። ያች እናት ፊደል የቈጠሩ አልነበሩም፤ ነገር ግን ከ40ዎቹ ግቦች የጐደለውን አንዱን ያገኙት እርሳቸው ነበሩ።